ያየሁት ብርሌ

ትኩስ አመድ በሸተተኝ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ልማድ ነው። ባለፈው ዓመት ለዘመድ ሠርግ ወደ ዘመሮ ስወጣ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የብርሌ ሠሪዎች ቤት በር ላይ አንድ ጎረምሳ በአካፋ ረመጥ ሲገላብጥ ደረስኩና ሳላስበው ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። «እትዬ፣ ጭሱ አስቸገረዎት እንዴ?» አለኝ። ጭስ አልነበረውም። «አይ፣ የቆየ ነገር ነው» ብዬው አለፍኩ፤ ቁጭ ብዬ ላስረዳው ብል ሠርጉ ያመልጠኝ ነበር።

ዛሬ እዚያ ቤት ከራቤል ድረስ ብርሌ ሊገዛ የሚመጣ ሰው አለ። ሲጀመር ግን የነበረው አንድ ከውትድርና የተመለሰ ሰው፣ አንድ የማይተኩስ ጠመንጃና አንድ ጆንያ የጠርሙስ ስባሪ ብቻ ነው። እኔም ነበርኩ። የእኔ ድርሻ ማየት ነበር፤ ያስባረረኝም እሱው ነው።

ዘመኑ መንግሥት የተለወጠበት ነው። ሠራዊቱ ተበትኖ ወታደሩ ሁሉ በየአገሩ ሲገባ የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ደምሴም መጣ። አባቴ ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተ እኔና እናቴ የምንኖረው አያቴ ቤት ነበር፤ አያቴን አባባ ነው የምላቸው። ጋሼን ስንጠብቅ ነው የከረምነው። ከሩቅ አገር የሚመለስ ሰው ስኳርም ይሁን ጨርቅ ሳይዝ አይመጣም፤ እኔ ደግሞ ከስኳሩ ድርሻዬን በሐሳብ በልቼ ጨርሼ ነበር። እሱ ግን የሚንሿሿ ጆንያ ተሸክሞ ገባ።

አባባ ጉልበታቸውን አስመው፣ ስመው፣ አልቅሰው ካበቁ በኋላ ወደ ጆንያው ዞሩ።

«ምንድን ነው የሚንሿሿው?»

«ጠርሙስ ነው፣ አባዬ።»

«አረቄ ነዋ!»

«ባዶ ነው። ስባሪ ነው።»

አባባ ወደ እናቴ ዘንበል ብለው፣ «ይኼ ልጅ ጭንቅላቱን ተመትቷል እንዴ?» አሉ። በሹክሹክታ ያሉ መስሏቸው ነው፤ ጆሯቸው ስለሚደክም ሁላችንም ሰማን።

ጋሼ ጭንቅላቱ ደኅና ነበር። ከመዝመቱ በፊት አዲስ አበባ አንድ የጠርሙስ ፋብሪካ ውስጥ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ኖሯል። ሥራው ስባሪ በአካፋ እየዛቀ ወደ እሳቱ አፍ መወርወር ነው። ከእሳቱ የወጣው አዲስ ጠርሙስ በአንድ ረጅም የብረት ሳጥን ውስጥ ቀስ እያለ አልፎ በሌላ አዳራሽ ይወጣል፤ እዚያ እሱ አይገባም። ከግንባር ግንባር ሲዞር ያ እሳት ከልቡ አልወጣ ብሎት ነው የተመለሰው። «ስባሪ ተመልሶ ዕቃ ሲሆን ካየሁ ወዲህ ሌላ ሥራ አይታየኝም» ይል ነበር። በእኛ አገር ብርሌ ከሩቅ በጭነት ይመጣል፤ መንገዱ አንገጫግጮ እኩሌታውን ይፈጀዋል፣ የተረፈውን የዘመሮ ሰካራም ይጨርሰዋል። ሰው «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ብሎ ሲተርት ጋሼ ይስቃል። «ይሆናል እንጂ! እሳት ካለ ይሆናል» ይላል።

ለእኔ አንድ ነገር አልገባኝም ነበር። ጠርሙስ ማለት በረዶ ይመስለኝ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ከመንደራችን በላይ ባለው የጓሳ ሜዳ ዳር የተኛ ውሃ ሁሉ ግግር ይለብሳል፤ ቅርፊቱን ስናነሣው ወዲያ ማዶ ያሳያል፣ ጫፉ እጅ ይቆርጣል፣ ሲወድቅ ይሰበራል። ጠርሙስም ከእኛ አገር የባሰ ብርድ ካለበት ቦታ ተቆፍሮ የሚመጣ፣ መቅለጥ የረሳ በረዶ ነው ብዬ ከደመደምኩ ቆይቻለሁ። ጋሼ ስባሪውን እሳት ውስጥ ሊከተው መሆኑን ስሰማ አዘንኩለት።

«ውሃ ሆኖ ያልቅብሃል» አልኩት።

አልሳቀብኝም። «ቆይ፣ አብረን እናያለን» አለኝ። «አብረን» የምትለዋን ቃል ይዤ ከጎኑ አልጠፋ አልኩ።

መቼም ስለ ዓይኔ ካልተናገርኩ ነገሩ አይገባም። ዓይኔ ትልልቅ ነው፤ ልጅ ሳለሁማ ፊቴ ዓይን ብቻ ነበር ይላሉ። አንድ ነገር ማየት ከጀመርኩ ካልጠገብኩ አላነሣም። ዶሮ እንቁላል ስትጥል አያለሁ፤ ሰው ጥርሱን ሲያስነቅል አያለሁ፤ የተከደነ ሁሉ ከፍቼ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። እናቴ «አስካለ፣ ኧረ ዓይንሽን ሰብሰብ አድርጊ፤ ሰው ምን ይላል?» ትለኝ ነበር። ሰው የሚለውን የማውቀው ገና ወደፊት ነበር።

ምድጃው ከቤታችን በታች፣ ነፋስ ከማያገኘው ገደል ሥር በድንጋይና በጭቃ ተሠራ። ወናፉን ጋሼ ከብረት ቀጥቃጩ ተዋሰ፤ ይኼኔ ነው ሰፈሩ ማጉረምረም የጀመረው። የገበሬ ልጅ ወናፍ ያዘ ተባለ። በዚያን ጊዜ በእሳት የሚሠራ ሰው ሁሉ ዓይኑ ይፈራል፤ ነውር ነገር ነው፣ ግን እንደዚያ ነበር። ከሰሉ ከራሳችን ባሕር ዛፍ ከሰለ። ከጓሳ አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦ ቆርጠህ አክስል ብሎ የመከረው አንድ ጓደኛው ነበር፤ አባባ ሰምተው፣ «ጓሳን የነካህ ዕለት ከዚህ ቤት ትወጣለህ። አባቶቻችን ተማምለው ያቆዩት ነው፤ ለብርሌ ብዬ አላፈርሰውም» አሉ። ነገሩ በዚሁ ቀረ።

የቀረው መንፊያ ነው። ረጅም፣ ቀዳዳው የጠበበ የብረት ቧንቧ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ በእኛ ቤት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፣ ከአባባ መደብ በላይ፣ ግድግዳው ላይ።

«አባዬ፣ ይኼ ውጅግራ ይተኩሳል?»

«ጥይቱ ከጠፋ እኔ ጎረምሳ ሳለሁ ነው።»

«እንግዲያው አፈሙዙን ይስጡኝ።»

«ምን ልታደርግበት?»

«ልነፋበት።»

«ጠመንጃ ይተኮስበታል እንጂ ይነፋበታል? እምቢልታ አደረግኸው?»

ተኳርፈው ሰነበቱ። አንድ ጠዋት አባባ ራሳቸው ጠመንጃውን አወረዱና ብረቱን ከእንጨቱ ለይተው ሰጡት። «ተሰቅሎ ከሚዝግ ሥራ ይያዝ። ሰደፉን ግን አትነካብኝም» አሉ። ሰደፉ ብቻውን ግድግዳው ላይ ተመልሶ ተሰቀለ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ቀን እሳት ከማለዳ እስከ ከሰዓት በኋላ ተነፋ። እናቴም ወናፍ ገፋች። ምድጃው ውስጥ በተጣደው ወፍራም ሸክላ ያለው ስባሪ መጀመሪያ ጫፍ ጫፉ ዶለዶመ፣ ቀጥሎ ተደጋገፈ፣ በመጨረሻ ተዋሃደ። ውሃ አልሆነም። እንደ ማር ወፍሮ፣ ብርቱካንማ ሆኖ፣ ራሱ እያበራ ተኛ። ጋሼ ያንን በአፈሙዙ ጫፍ ጠቅልሎ አወጣና ከወዲያ በኩል ነፋ። ጉንጩ ተነፋ፣ አንገቱ ተነፋ፣ ከዚያ ያ እሳት ተነፋ። እስካሁን ካየሁት ነገር ሁሉ እንደዚያ ያስደነቀኝ የለም። በውስጡ ትንንሽ አረፋዎች ቀርተው ነበርና እነሱ የጋሼ ትንፋሽ ናቸው ብዬ አመንኩ። ብርሌ በሠራ ቁጥር ትንፋሹ እየተቀነሰ ሄዶ አንድ ቀን ያልቅበታል ብዬ ፈራሁ፤ በልቤ ቢያንስ ትንንሽ ቢሠራ ይሻላል እል ነበር።

ጋሼ የብርሌዋን አንገት አሰልሎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ነክቶ ቆርጦ፣ አፏን እንደገና እሳት አስነክቶ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጣት። ቀለሟ ከቢራና ከአረቄ ጠርሙስ ስለተደባለቀ የጎርፍ ውሃ ነው፤ ሆዷም ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። ግን ብርሌ ናት። አባባ ሳይቀሩ ሊያዩ ወርደው፣ «እንዴ! እንዴ!» ብቻ ይላሉ። እኔ ከድንጋዩ ፊት ቁጢጥ ብዬ አያታለሁ። ቀይነቱ ለቀቃት፤ ቀዘቀዘች። ድንገት «ጥርቅ» አለችና ከአንገት እስከ ታች ተሰነጠቀች።

ማንም አልነካት። ጋሼ ስባሪዋን ሰብስቦ ወደ ሸክላው መለሰ። በማግሥቱም ሠራ፣ ያም ጥርቅ አለ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። አንዳንዷ ወዲያው ትሰነጠቃለች፣ አንዳንዷ ደኅና ውላ ማታ ታታልላለች። ጭቃውን ለወጠ፣ ስባሪውን አጠበ፣ በቀለም በቀለም ለየው፣ ጸሎት አስደረሰ። ጥርቅ። እኔም አንዷም ሳታመልጠኝ ሁሉንም አየሁ።

እትዬ አፀደ የመጡት ያኔ ነው። በዘመሮ የታወቀ ጠጅ ቤት ያላቸው፣ ደርባባ፣ ነገር የማይወዱ፣ ከተናገሩ ግን ሰው የሚሰማቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው ከጥምቀት በኋላ ሊያገባ ስለሆነ ለሠርጉ የሚሆን ብርሌ ጋሼ እንዲሠራላቸው አዘዋል። የዚያን ዕለት ጠዋት የተሠራች አንዲት ብርሌ እስከ ቀትር ሳትሰነጠቅ ቆይታ ስለነበር ጋሼ በደስታ አንሥቶ ሰጣቸው። እትዬ አፀደ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ሲያገላብጧት እኔ ከፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ አያለሁ። በእጃቸው ላይ እንዳለች ጥርቅ አለች። ጣታቸው ደማ።

«በስመ አብ!» አሉ። ጣታቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ወዲያ ወዲህ ሲቃኙ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። «ይቺ ልጅ ሲሠራ ሁልጊዜ እዚህ ናት?»

«አዎ፣ ግን…» አለ ጋሼ።

«ግን ምን? ዓይኗን አላየኸውም? ከገባሁ ጀምሮ አላርገበገበችም እኮ!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጋሼም ዞረ። እኔም ምን እንደሚያዩ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ፤ ማንም የለም።

በእኛ አገር ዓይን የሚፈራ ነገር ነው። ወተት ተሸፍኖ ይታለባል፣ ሕፃን ተከናንቦ ይጠባል፣ ሰው በር ዘግቶ ይበላል። ዓይኑ ይበላል የሚል ስም አንድ ጊዜ የወጣበት ሰው እስኪሞት ስሙ አይለቀውም። በፊቱ ማንም ጉርሻ ወደ አፉ አያደርስም፤ ሴት ልጅ ከሆነችማ የሚያገባት አይገኝም። እናቴ የዚያን ቀን ማታ ክታብ አሰረችልኝ፣ በማግሥቱ ጠበል ወሰደችኝ። ጠበሉ በዚያ ውርጭ ያንዘፈዝፋል። እየተንዘፈዘፍኩ የማስበው ግን ከዓይኔ የሚወጣው ነገር ምን ይመስላል፣ በየት በኩልስ ይወጣል እያልኩ ነበር።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ትምህርት ቤት ደረሰ። አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ቆሎዋን ከኪሷ ልታወጣ ስትል ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሌሎቹም ሰጡኝ። ጀርባ ብቻ እያየሁ ቆሎዬን በላሁ። አዘንኩ፣ ከማዘኔም ይልቅ አፈርኩ።

ጋሼ ከምድጃው ያባረረኝ በክፋት አይደለም። «ለጥቂት ጊዜ ነው፣ አስኩዬ። እኔ አላምንበትም፤ ሰዉ ግን ያምናል፣ የሚገዛው ደግሞ ሰው ነው» አለኝ። ቃል ብቻ እንደማይበቃኝ ያውቃል። እሱ ዞር ሲል ሄጄ የተከደነውን እንደምከፍት፣ የተሸፈነውን እንደምገልጥ ስለሚያውቅ ዘዴ ፈጠረ። ከምድጃው አጠገብ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ብርሌው ከአፈሙዙ እንደተለየ በጉድጓዱ ውስጥ በትኩስ ረመጥና በአመድ ይቀብረዋል። ረመጥ ውስጥ እጇን የምትሰድ ልጅ የለችም። እስከ ማግሥቱ ማንም ዓይን አይደርስበትም።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሼ እየጮኸ ወደ ቤት ሲሮጥ ሰማን። በእጁ ብርሌ ይዟል። አመድ ለብሳለች፣ ሆዷ ወደ ጎን አዘንብሏል፣ ግን ደኅና ናት። ዋለች፣ አደረች፣ ሰነበተች፤ ምንም አልሆነችም። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም እንደዚያው።

ቤታችን ደስታ ሆነ። እኔ ብቻ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነበር፤ ምክንያቱም ነገሩ ከማንም በፊት ገብቶኛል። እኔ ሳይ ይሰበር ነበር፤ እኔ ሳላይ ዳነ። ከእንግዲህ ማንም አይጠራጠርም። ብርሌው በዳነ ቁጥር እኔ ላይ እየተፈረደ ነበር። ሰፈሩም፣ «ይኸው፣ ከእሷ ሲሸሸግ ዳነ» አለ። ውሃ ለመቅዳት በጉድጓዱ አጠገብ ሳልፍ ውስጥ ያሉት እንዳይሰበሩ ዓይኔን ጨፍኜ በእግሬ እየዳበስኩ አልፍ ጀመር። ሽታው እንደነገረኝ እጨፍናለሁ፣ ሽታው ሲርቅ እገልጣለሁ።

ግን እኮ እንዴት እንደምሰብር አላውቅም! ያ ነበር የሚበላኝ። ዓይኔ ቢሰብርስ እንዴት ነው? ለብቻዬ ሆኜ ዓይኔን ፈተንኩት። እንቁላል ላይ አፈጠጥኩ፤ ምንም። የአባባ የአረቄ መለኪያ ላይ እራት እስኪቀርብ አፈጠጥኩ፤ ምንም። በመንገድ ዳር የረጋው ውሃ ላይ ያለው በረዶ ላይ ዓይኔ እስኪያለቅስ አፈጠጥኩ፤ ፀሐይ ስትነካው ተሰነጠቀ እንጂ እኔን አልሰማኝም። ምናልባት ዓይኔ የሚበላው ብርሌ ብቻ ነው አልኩ። ያ ደግሞ ከሁሉ የባሰ አሳዘነኝ፤ ከምወደው ነገር በቀር ሌላ አይጎዳም ማለት ነው።

ገና ካለፈ በኋላ የአባባ ማኅበር እኛ ቤት ደረሰ። በዚያ ጠዋት ውጭው በውርጭ ነጭ ሆኗል። እናቴ ከውጭ መደብ ላይ ያደሩትን የአረቄ መለኪያዎች አስገብታ ልታጥብ ስትሰናዳ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «አስካለ፣ ወደ ግድግዳው ዙሪ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። እናቴ። እሷም ፈርታኝ ነበር። ያንን ያወቅኩት ያኔ ነው። ዞርኩ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የጭቃ ስንጥቅ እያየሁ ዕንባዬ ወረደ።

ከኋላዬ የፈላ ውሃ ሲንቆረቆር ሰማሁ። ቀጥሎ፣ «ጥርቅ»።

ያንን ድምፅ ከየትም ብሰማው አውቀዋለሁ። «እማዬ፣ እኔ አላየሁም!» ብዬ ጮህኩ።

ዞር አልኩ። እናቴ ለሁለት የተከፈለውን መለኪያ ይዛ ትመለከታለች። ከዚያ ሌላ፣ ውርጭ ያቀዘቀዘው መለኪያ አንሥታ፣ እያወቀች፣ የፈላውን ውሃ ጨመረችበት። ጥርቅ። እንግዶች ሊመጡ ነው፣ መለኪያም አይተርፈንም፣ እሷ ግን ሰበረችው። ተንበረከከችና በእርጥብ እጇ ፊቴን ይዛ አንዱን ዓይኔን ሳመችው፣ ሌላውንም ሳመችው። ክታቡን ከአንገቴ ፈታች። እጄን ይዛ ቁልቁል ወደ ምድጃው ስትወርድ እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም ነበር።

ጋሼ ወናፉ ላይ ነበር።

«አስካለ ተመልሳ ትይ» አለችው። «ሞቆ ድንገት የሚበርድ፣ በርዶ ድንገት የሚሞቅ ነው የሚሰነጠቀው። ረመጡ ነው ያዳነልህ፣ መሸሸጉ አይደለም።»

ጋሼ የመለኪያዎቹን ነገር ሰማ፤ አሰበበት። «እቴ፣ ልክ ሳትሆኚ አትቀሪም። ግን ሠርጉ ደረሰ፣ ከሰሉም ሊያልቅ ነው። ከሠርጉ በኋላ እናየዋለን።»

«ከሠርጉ በኋላማ ስሟ ይጸናል! ያ ሁሉ ሰው በብርሌህ ሲጠጣ የእሷን ስም አብሮ ነው የሚጠጣው። ብርሌህ እንዳይሰበር ብለህ ልጄን ትሰብራለህ?»

እናቴ ድምፅ አውጥታ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። አባባም ሰምተው በዘንጋቸው እየተደገፉ ወረዱ፤ ነገሩ ሲነገራቸው ፂማቸውን እየጎተቱ ቆዩ።

«እንግዲህ ሰው የሰጠውን ስም ሰው ፊት ነው የሚያስመልሱት» አሉ። «ሰው ይጠራ። አፀደም ትጠራ። ሁለት ብርሌ ሥራ። አንዱን ልጅቱ ከእሳቱ እስከ ረመጡ ድረስ እንዳሻት ትየው። ሁለተኛው ሲሠራ ፊቷን ሸፍና ትዙር፣ እሱ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ።»

«ሁለቱም ቢሰነጠቁስ?» አለ ጋሼ።

«ያን ጊዜ ጠመንጃዬን ትመልሳለህ።»

በተቀጠረው ቀን ሰፈሩ ሁሉ ወረደ። እትዬ አፀደ የደማው ጣታቸው ድኖ፣ ለሠራተኛ ብለው በጨርቅ የጠቀለሉትን ዳቦ በእጃቸው ይዘው መጡ። ጋሼ የመጀመሪያውን ከሸክላው ጠቅልሎ ሲያወጣ ስንት ቀን የናፈቀኝ ብርሃን ፊቴን ሞቀኝ። ተመልከች ተብዬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ማየት አቃተኝ። ብርሌው ሳይሆን እኔ በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለሁ መሰለኝ። ዓይኔን ልጨፍን ስል አባባ በዘንጋቸው መሬቱን መቱ። «እይ! ለዚህ ነው የተጠራሽ!»

አየሁ። ሲነፋ አየሁ፣ አንገቱ ሲሰለል አየሁ፣ ረመጡ ሲውጠው ጭምር አየሁ። ከዚያ እናቴ ነጠላዋን በራሴ ላይ ጥላ ወደ ገደሉ አዞረችኝ፤ ሁለተኛው ተሠርቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በነጠላው ውስጥ የሚሰማኝ የሰዉ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ቆየ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። የእናቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ጠበቀ። ጥርቅ አለ።

«ወይ ጉድ!» አለ አንዱ። ሌላው ሳቀ። እትዬ አፀደ ግን፣ «ቆዩ እንጂ፤ የታየው ገና ከጉድጓዱ አልወጣም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ግማሹ ነገር እስከ ማግሥቱ ተቀበረ። ማንም እንዳይነካው አባባ የሱፍ ባናቸውን ለብሰው ጉድጓዱ አጠገብ አደሩ፤ እኔም ቢሰነጠቅስ፣ ቢሰነጠቅስ እያልኩ ነጋልኝ።

ጠዋት ከትናንቱ ሰው አንድም አልቀረም፤ እንዲያውም በዛ። ጋሼ አመዱን በእጁ እየገፋ ወደ ታች ሄደ። ብርሌውን አንገቱን ይዞ አወጣው፣ እፍ አለበት፣ በባና ቁራጭ ጠረገው። ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገው። አንድም ስንጥቅ የለበትም።

ማንም ገና ሳይናገር ጋሼ በመዳፉ ግንባሩን መታ። «ያ ሳጥን! ፋብሪካው ውስጥ ያለው ረጅም ሳጥን! አጠገቡ ስናልፍ ያቃጥለን ነበር እኮ! እኔ ጠርሙሱን ማመላለሻ መስሎኝ… ለካ ቀስ አድርጎ ማብረጃው ነው!» ብሎ ሳቅና ዕንባ ተቀላቀለበት። ስለየትኛው ሳጥን እንደሚያወራ ለማንም አልገባም፤ ሁሉም የሚጠብቀው እትዬ አፀደን ነው። ስሙ ከእሳቸው አፍ ወጥቷል፤ የሚመለሰውም ከእሳቸው ነው።

እትዬ አፀደ ብርሌውን ተቀብለው አገላበጡት። በጥፍራቸው መቱት፤ ጮኸ። ለጋሼ መለሱለትና መጥተው እኔ ከተቀመጥኩበት ድንጋይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ አይጠይቅም፤ እኔም አልጠበቅኩም። እንደ ትናንቱ በጨርቅ ጠቅልለው ያመጡትን ዳቦ ፈቱ። ከዳቦው ቆረሱ። እናቴ አፏን በእጇ ሸፈነች። እትዬ አፀደ ቁራሹን ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አድርገው ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«እይኝ» አሉኝ።

ዓይኔን ወደ መሬት ጥዬ ነበር።

«ቀና በይና ደኅና አድርገሽ እይኝ እንጂ።»

ቀና አልኩ። ዓይን ዓይኔን እያዩ ቀስ ብለው አኘኩ። እኔም ሳላርገበግብ፣ እስኪውጡ ድረስ አየኋቸው። ከዚያ አንድ ትልቅ ቁራሽ ቆርሰው በእጄ ላይ አኖሩልኝና፣ እኔ ስበላ ደግሞ እሳቸው ያዩኝ ጀመር።